ለአንድ ሰው የሚጻፍ ድርሰት፦ ከደሴ ሆኜ ኮሚክና ጌም ስጽፍ ያለፍኩበት

«ኮሚክ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ልጆች እየበዙ ነው። ኮሚክ ስል በተከታታይ ሥዕልና በንግግር የሚተረክ ታሪክ ማለቴ ነው። ከደሴ አሉ፣ ከኮምቦልቻ አሉ፣ ሰሞኑን ከወልዲያም ጠየቁኝ። ጌም መጻፍ የሚፈልጉትማ ከዚያ ይበዛሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ያለፍኩበትን እዚህ አስቀምጣለሁ። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ጣጣ ይቀርልኝ ነበር።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንግባባ። የኮሚክ ጸሐፊ ነኝ ስል ብዙ ሰው ሥዕሉን የምሥለው እኔ እመስለዋለሁ። እኔ ዶሮ ሣዪ ብባል ድመት ነው የሚወጣኝ። የምጽፈው ስክሪፕት ነው። ገጽ በገጽ፣ ሥዕል በሥዕል ምን እንደሚታይና ማን ምን እንደሚል የሚያስረዳ ጽሑፍ። እሱን ጽሑፍ አንባቢ አያየውም። የሚያነበው ሠዓሊው ነው። ጌም ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚያነበው ፕሮግራመሩ ነው። ተጫዋቹ ጋ ተቆራርጦ ይደርሳል፤ እሱንም ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። በአጭሩ ሥራችሁ አይታይም። እኔ ላይ የደረሰው ችግር ሁሉ፣ የአጻጻፉም የገንዘቡም፣ ከዚህ የመጣ ነው።

ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ ኮሚክ እንደልብ አይገኝም ነበር። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ አንዳንዴ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ኮሚክ ይወጣል። ቋንቋው ስለማይገባኝ ሥዕሉን እያየሁ ታሪኩን ለታናናሾቼ ከራሴ እፈጥርላቸው ነበር። በፈረንጆቹ 2018 በስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ነው ነገሩ የተለወጠብኝ። ኢትዮጵያዊ ጀግና፣ በአማርኛ፣ በእኛው ፊደል ሲናገር አየሁ። ይህ ነገር እንደ ሙያ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው አልኩ። በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ሠዓሊ አገኘሁና የመጀመሪያ ስክሪፕቴን ሰጠሁት።

ደወለልኝ። «እታለም፣ ታሪኩ ልብ ይነካል። ግን ይኼን በየት በኩል ልሳለው?»

ስክሪፕቴ ላይ የነበረው እንዲህ የሚል ነው፦ መርየም በሐይቅ ዳር ስትሄድ የእናቷ ቤት ጠረን ድንገት መጣባት፣ ልጅነቷም ሁሉ በፊቷ አለፈ። ለልቦለድ ያስኬዳል። ሠዓሊ ግን ጠረን አይሥልም። «ልጅነቷም ሁሉ» የሚለውን በአንዲት ሣጥን ውስጥ አያስገባም።

ከእሱ ጋር ብዙ ምሽት ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የተማርኩትን ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

በመስመር የታጠረውን አንዱን ሥዕል ፓነል እንለዋለን። በአንድ ፓነል ውስጥ አንድ ድርጊት ብቻ ይገባል። «በሩን ከፍቶ ገባ፣ እናቱን ስሞ ተቀመጠ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አራት ፓነል ጻፋችሁ ማለት ነው። ሥዕል ቆሞ የቀረ ቅጽበት ነው። የትኛውን ቅጽበት እንደምትፈልጉ መምረጥ የእናንተ ሥራ ነው። እጁ መዝጊያው ላይ ሲያርፍ ነው? እናቱ ቀና ስትል ነው? ጸሐፊው ካልመረጠ ሠዓሊው ይመርጣል፤ ከዚያ «እኔ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም» ማለት አይቻልም።

በአንድ ገጽ አምስት ወይም ስድስት ፓነል በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ፊቶቹ ያንሳሉ፣ ንግግሩም ሥዕሉን ይሸፍነዋል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች አንድ የንግግር አረፋ (ገጸ ባህሪው የሚለው የሚጻፍበት ክብ) ከ25 ቃል አይብለጥ ይላሉ። ይህን ለአማርኛ እንዳለ አትውሰዱት። የእኛ አንድ ግስ ብቻውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አልነገረችንም» ስንል ማን፣ ለማን፣ ምን እንዳላደረገች አልቋል። ቃላቱ ጥቂት፣ ግን ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ እኔ ከ12 ቢበዛም ከ15 ቃል በላይ አልሄድም። ደግሞም ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። እንግሊዝኛው ጩኸትን በትልቁ ፊደል ማሳየት ይችላል፤ እኛ በመጠንና በውፍረት ነው የምናሳየው። እናም ስክሪፕቱ ላይ «ይህ ቃል ይወፍር» ብላችሁ ጻፉ። ፊደሉ በጣም ካነሰ ደግሞ እንደ «ጭ» እና «ሿ» ያሉት ሲታተሙ የቀለም ጠብታ ይሆናሉ። ይህን ያወቅኩት ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ ነው።

አንድ ገጽ እንዴት እንደሚጻፍ ላሳያችሁ።

ገጽ 5። አምስት ፓነል።

ፓነል 1። ሰፊ። ሰኞ ገበያ፣ ጠዋት። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ እየወረደ ነው። መርየም ከሰው መሃል ትንሽ ሆና ትታያለች፤ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታለች። ንግግር የለም።

ፓነል 2። የመርየም እጅ ብቻ። ባዶ ዘንቢል አጥብቃ ይዛለች።

ፓነል 3። ቅመም ሻጯ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ።
ሻጯ፦ አንቺ የዘይነባ ልጅ አይደለሽም እንዴ?

ፓነል 4። የመርየም ፊት፣ ቅርብ። ዓይኗ ወደ ጎን ሸሽቷል። ንግግር የለም።

ፓነል 5። ልክ እንደ ፓነል 1፤ ቦታው ያው፣ ሰዉ ያው። መርየም ግን የለችም። ዘንቢሉ መሬት ላይ ወድቋል።

ይህን ገጽ 5 ላይ ያደረግኩት አስቤበት ነው። መጽሐፍ ሲገለጥ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ በቀኝ በኩል ይውላል። አንባቢው የቀኙን ገጽ ጨርሶ መግለጥ አለበት። ስለዚህ ጥያቄው ጎዶሎው ገጽ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ መልሱ ጥንዱ ገጽ ላይ ይጠብቃል። መልሱን በቀኝ ገጽ ላይ ብታደርጉት ዓይን ቀድሞ ያየዋል፤ ምስጢሩ ከሸፈ። በስልክ ወደ ታች እየተሳበ ለሚነበብ ኮሚክ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። እዚያ ምስጢር የሚደበቀው በፓነሎቹ መካከል ረዘም ያለ ባዶ ቦታ በመተው ነው። የሚታተም ይሁን በስልክ የሚነበብ ሳታውቁ አትጀምሩ።

ሌላው የገጽ ብዛት ነው። መሃሉን በስቴፕል የሚመታ መጽሔት ገጹ በ4 የሚካፈል መሆን አለበት። 22 ገጽ ጽፋችሁ ማተሚያ ቤት ብትሄዱ ሁለት ባዶ ገጽ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። 24 አድርጉት።

ስለ አካባቢያችን አንድ ነገር ልጨምር። ወሎን ለማያውቅ ሠዓሊ «የቡና ሥነ ሥርዓት» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ፎቶ ላኩ። ረከቦቱ፣ ማጨሻው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ። ለእኔማ ቡናው ራሱ ታሪክ ማዋቀሪያ ሆኖልኛል። ሁለት ሰዎች የሚጣሉበትን ረጅም ንግግር በአቦል፣ በቶና እና በበረካ ከፈልኩት። አቦል ላይ ሰላምታና ሐሜት፣ ቶና ላይ ነገሩ ይነሣል፣ በረካ ላይ አንዱ ሲኒውን ሳይጨርስ ይወጣል። በረካን ሳይጠጡ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሦስት ገጽ፣ አንድ ቤት፣ ምንም ድብድብ የለም። እስከ ዛሬ ሰው የሚያነሣልኝ ትዕይንት እሱ ነው።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ።

ከጦርነቱ በፊት ነው። አንድ ድርጅት ለወጣቶች ትምህርት የሚሆን ኮሚክ አሠራን። ስሙን አልጠራም። ርዕሱን እነሱ ሰጡን። ገጸ ባህሪዋን ይዤ የሄድኩት ግን እኔ ነኝ፤ መርየምን። በደብተር ላይ ለዓመታት ያሳደግኳት ልጅ ናት። እናቷ የባቲ፣ አባቷ የአምባሰል ሰው፤ አንዱ ዘመዷ መንዙማ ሲያዜም ሌላው ማኅሌት ይቆማል። እዚህ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ክፍያው በሰዓቱ ተከፈለን፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ከወራት በኋላ አንድ ዘመዴ «መርየምን አየኋት፣ ጎበዝ!» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ሁለተኛ እትም ነው። እኔ አልጻፍኩትም፣ ጓደኛዬም አልሣለውም። መርየም ባቲም አምባሰልም ቀርቶባት ስለ ሳሙና ታስተምራለች።

ደወልኩ። «እኛ እኮ ከፍለንበታል» አሉኝ፣ በትህትና። የሚያናድደው ደግሞ በሕጉ በኩል የሚያስኬዳቸው ነገር ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። እኛ ስምምነት የሚባል ወረቀት አልነበረንም። የነበረን ጥሩ ወዳጅነት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በፈረንጆቹ 1938 መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ለብዙ ዓመት በክርክር ገፉት። በአሜሪካ የኮሚክ ታሪክ ውስጥ ይህ ክርክር ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣ ነው። የሙያው የቆየ በሽታ ነው።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ውል ይኑር። ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ገጸ ባህሪው የማን እንደሆነ በስሙ ይጻፍ። ያዘዛችሁ ወገን ምን ማድረግ እንደሚችል ይገለጽ፦ ስንት እትም፣ በየትኛው ቋንቋ፣ አኒሜሽን ወይም ጌም ማድረግ ይችላል ወይስ አይችልም። ስማችሁ የት ላይ እንደሚታተም ይጻፍ። ይህን ሰው ይረሳዋል፤ ለቀጣይ ሥራ የሚያስጠራችሁ ግን እሱ ነው። ስንት ጊዜ በነፃ እንደምታርሙም ይጻፍ፤ አለበለዚያ «ትንሽ ነገር እናስተካክል» ማለቂያ የለውም። ከሠዓሊው ጋርም ለየብቻ ተፈራረሙ። መርየም የእኔ ናት እላለሁ እንጂ ፊቷን የሰጣት እሱ ነው፤ እኩል ይመለከተዋል።

የቅጂ መብት ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል፤ ካልተመዘገበ አይኖርም የሚባለው ስህተት ነው። ቢሆንም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናችኋል። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም። «ከወሎ የሆነች ጀግና ልጅ» የማንም ሊሆን ይችላል። የተጻፈችውና የተሣለችው መርየም ናት የምትጠበቀው። ስለዚህ ሐሳባችሁን በየካፌው ከማውራታችሁ በፊት ጻፉት።

ችግሩ ውል መጠየቅ እኛ ዘንድ እንደ አለመተማመን ይቆጠራል። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይሏችኋል። እኔም አፍር ነበር። አጎቴ በንግድ ያረጀ ሰው ነው፤ ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። «ውል ስትጠይቂው የሚኮርፍ ሰው፣ ገንዘብሽን ስትጠይቂውም ይኮርፋል። አሁኑኑ ቢያኮርፍሽ ይሻልሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጀሁ። ውል የሚለውን ቃል አላነሣም። ከተነጋገርን በኋላ ማታ «የተስማማነው ይህ ነው፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ» ብዬ በኢሜይል እልካለሁ። «ልክ ነው» ብለው ሲመልሱ ቢያንስ የተጻፈ ነገር ይዣለሁ። ለትልቅ ሥራ ግን ይህ አይበቃም፤ ፊርማ ያስፈልጋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል የሰማነው ለከንቱ አይደለም።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው እኛም ወጣን። ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ ወይም አልጽፍም። እዚህ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ልንገራችሁ። ኅዳር 27 ከተማዎቹ ወደ መንግሥት እጅ ከተመለሱ በኋላ ቤታችን ስንገባ ኮምፒውተሩ የለም። ሐርድ ዲስኩ የለም። የተረፉት ለሠዓሊው በቴሌግራም የላክኳቸው ስክሪፕቶች ናቸው። የላክኩት እንዲያነብ ነበር፤ መጠባበቂያ አደርገዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። የእሱ ትልልቅ የሥዕል ፋይሎች ግን ሌላ ቦታ ስላልነበሩ ጠፉ።

ጽሑፍ ትንሽ ነው። የአንድ ሙሉ ኮሚክ ስክሪፕት ከአንድ ፎቶ ያንሳል። ስለዚህ ሦስት ቦታ አስቀምጡት፦ ስልካችሁ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ሌላ ከተማ ያለ ሰው ጋ። ሠዓሊዎቻችሁንም ቢያንስ አነስ ያለውን ቅጂ እንዲልኩላችሁ አስገድዱ። ይህን ምክር ሳነብ ድሮ «እሺ እሺ» ብዬ የማልፈው ዓይነት ነው። እባካችሁ ዛሬውኑ አድርጉት።

ወደ ጌም የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች የጀብዱ ጌም እየሠሩ ነበር፤ ንግግር የሚጽፍላቸው ፈለጉ። እውነቱን ለመናገር በአገራችን ለጌም ጸሐፊ ብዙ ሥራ የለም። እዚህ የሚሠሩት አብዛኞቹ የስልክ ጌሞች ናቸው። የቅኔ ጌምስን «ኩኩሉ» ብታዩ አንዲት ዶሮ ትሮጣለች፣ ይባረራል፣ ይዘለላል። ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ግን ንግግር አይፈልግም። እንደዚህ ዓይነት ቡድን ጸሐፊ ብቻ የሆነን ሰው አይቀጥርም። ስለዚህ ከመጻፍ ሌላ አንድ ነገር ልመዱ። የተልዕኮ ንድፍ (ተጫዋቹ የሚፈጽመውን ሥራ መንደፍ)፣ ጌሙን መፈተሽ፣ ድምፅ ማስቀረጽ፣ የቋንቋ ሥራ። እኔን ያስገባኝ ንግግሩን ራሴ ጌሙ ውስጥ አስገብቼ መሞከር መቻሌ ነው።

ጌም መጻፍ ኮሚክ የሚያውቅን ሰው መጀመሪያ ያስደነግጠዋል። ተጫዋቹ ይመርጣል። ሁለት ምርጫ ሰጠሁ እንበል። ከእያንዳንዱ ሌላ ሁለት። እንዲህ እያልኩ አምስተኛው ላይ ስደርስ 32 መጨረሻ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ማንም አይጨርሰውም። ልምድ ያላቸው የሚያደርጉት መንገዱን ከፍሎ መልሶ ማገናኘት ነው። በእኛ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ የውሃውን ምንጭ ማን እንደዘጋው ያውቃል። ለሽማግሌዎቹ ይነግራል ወይም ዝም ይላል። የቱንም ቢመርጥ ማታ ወዳጃው (ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት) ላይ ይገኛል፤ ቦታው አንድ ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። ጌሙ ግን ምርጫውን መዝግቧል። ከነገረ አሮጊቷ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ዝም ካለ ቡናውን ታቀብለዋለች እንጂ ስሙን አትጠራውም። ጥቂት መስመር ብቻ ነው የተቀየረው። ተጫዋቹ ግን ተጨንቆ ያድራል።

ንግግሩ የሚጻፈው በኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር መለያ ቁጥር፣ ተናጋሪው፣ ንግግሩ፣ መቼ እንደሚሰማ። መለያውን አንዴ ከሰጣችሁ አትቀይሩት፤ ፕሮግራመሩ የሚያውቀው በእሱ ነው። ደጋግመው የሚሰሙ አጫጭር መስመሮችን ደግሞ አትናቁ። ጥበቃው ባለፋችሁ ቁጥር «ማነው?» ካለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጌሙን ታጠፉታላችሁ። «ማነው?»፣ «ቁም እስቲ»፣ «ውሻ ይሆናል»፣ «ኧረ ብርዱ!» እያላችሁ በዛ አድርጋችሁ ጻፉለት። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

የአማርኛው ትልቁ ፈተና ጾታና አክብሮት ነው። ተጫዋቹ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። አንዷ እናት «ግባ» ትበል ወይስ «ግቢ»? ቡድኑ መጀመሪያ ሁሉንም በወንድ አድርጎት ነበር። እህቴ ስትጫወት «እኔን ነው?» አለች። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው መጀመሪያ ላይ ጠይቆ ሠንጠረዡ ላይ ለሴት የተለየ ዓምድ ማበጀት ነው። ሥራው ይበዛል፣ ንግግሩ ግን ሕይወት ይኖረዋል። ሁለተኛው በአንቱታ ማናገር ነው፦ «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ»። ለማይታወቅ እንግዳ ይስማማል። ግን አያት የልጅ ልጇን አንቱ ስትል አስቡት። እኛ የመጀመሪያውን መረጥን። ወስኑና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት፤ ሺህ መስመር ከተጻፈ በኋላ መመለስ መከራ ነው። የገጸ ባህሪዎቹንም የእርስ በርስ አጠራር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ማን ማንን አንቱ ይላል፣ ማን «አያ» ይላል፣ ማን «አብሽር» (አይዞህ) ይላል። «አብሽር»ን አንዱ ልጅ ከጌሙ ሊያወጣት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ እንግዳ ትሆናለች ብሎ። ታሪኩ እኮ የወሎ ነው! አይሆንም አልኩ፤ ሳትወጣ ቀረች።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ጌሙ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ፎንት አብሮ ካልተጫነ ተጫዋቹ ባዶ ሣጥን ብቻ ሊያይ ይችላል። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ በትክክል ስለሚታይ አታውቁትም። ውድ ባልሆነ ስልክ ላይ ሞክሩት።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ከቡድኑ ጋር የምገናኘው በስልክ ድምፅ ብቻ ሆነ። ፕሮግራመሩ መለያ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ አዲሱን ንግግር አነብለታለሁ፣ እሱ ይጽፋል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ፍላሽ እልክ ነበር። ውጭ አገር ያለ አንድ ደንበኛ ግን ሊያገኘኝ ስላልቻለ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። አልፈረድኩበትም። ከዚያ ወዲህ በምፈርመው ውል ሁሉ ላይ ኢንተርኔት ቢቋረጥ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ እንደሚራዘም፣ በማን ስልክ እንደምገኝም አስገባለሁ። የውጭ ሰዎች መጀመሪያ ግር ይላቸዋል። ሲገባቸው እሺ ይላሉ።

በዚያ ጊዜ የጠቀሙኝ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነፃ የጌም ታሪክ መጻፊያ መሣሪያዎች ናቸው። ትዋይን ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ምርጫዎቹን በሣጥንና በቀስት ያሳያችኋል፣ ፕሮግራም ማወቅ አይጠይቅም። ኢንክ ደግሞ በተራ ጽሑፍ የሚጻፍ ነው፤ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ሥዕልና ንግግር አብሮ ለሚሄድበት ጌም ሬንፓይ አለ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ስሙኝ። ትዋይንን አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑት። በብሮውዘር ከከፈታችሁት ታሪኩ የሚቀመጠው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ላጽዳ ብሎ የብሮውዘሩን መረጃ ቢያጠፋ አብሮ ይጠፋል። እኔ ጋ ያጸዳው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሊረዳኝ ብሎ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አላወራም፤ ብዙም ስለሌለ። እስከ አሁን ጠዋት ጠዋት የአንድ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። ሥራ ስትቀበሉ ዋጋውን በገጽ ወይም በመስመር አድርጉት፣ ቅድሚያ ክፍያም ጠይቁ። ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጡ፤ ከሌላችሁ ድርጅቶች ከክፍያችሁ የሚቆርጡት ግብር በጣም ይበዛል። ለውጭ አገር ከሠራችሁ ፔይፓል እዚህ ገንዘብ ለመቀበል አይሆንም፤ በባንክ እንዲልኩ ከመጀመሪያው ተስማሙ። ለትንሽ ክፍያ የማስተላለፊያው ወጪ ራሱ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ጠርቀም ሲል አንድ ላይ ይላክ።

አሁን ልትጀምሩ የፈለጋችሁ ልጆች፣ የአሥር ቅጽ ታሪካችሁን ለጊዜው አስቀምጡት። ባለ 8 ገጽ ታሪክ ጻፉ፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው። 8 ገጽ ሠዓሊ ሊጨርሰው ይችላል፣ ለማሳተምም ይመቻል። ሠዓሊ ስትፈልጉ «ሐሳብ አለኝ፣ አንተ ሣለው፣ ሲሸጥ እንካፈላለን» ብላችሁ አትሂዱ። እናንተ አንድ ገጽ በአንድ ሰዓት ትጽፉ ይሆናል፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ትንሽም ብትሆን ክፍያ ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ገጹን አሳንሱ፤ 4 ገጽም ታሪክ ይይዛል። ያለቀውን ስክሪፕት ላኩለትና «የትኛው ፓነል አይሣልም?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚነግራችሁን ሳትከራከሩ ጻፉት። ለእኔም መላክ ትችላላችሁ፣ አነባለሁ፤ ግን የመርየምን ሦስተኛ ታሪክ እየጻፍኩ ስለሆነ መልሴ ሊዘገይ ይችላል። ስሟን ቀይሬያታለሁ፤ ባቲና አምባሰል ግን አብረዋት አሉ። ውሉም ተፈርሟል።